ሲያሸንፉ የእኛ፣ ሲወድቁ የማን?

ይህን የምጽፍላችሁ ከክሎተን ነው። ክሎተን የዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ ያለባት ከተማ ናት። አብዛኛው አበሻ የሚያውቃት ዘመድ ሲቀበልና ሲሸኝ እንጂ ቆም ብሎ አያያትም። እኔ ግን ከተመረቅኩ በኋላ ሥራ ይዤ ኑሮዬን እዚሁ አድርጌያለሁ። ከተማዋ በበረዶ ሆኪ ታብዳለች። የሆኪው ወሬ ጋብ ሲል ደግሞ በምሳ ሰዓት የሥራ ባልደረቦቼ ቴኒስ ያነሳሉ። የዛሬው ጽሑፌም ስለ ቴኒስ ነው፤ ይበልጡን ግን ስለ እኛ ነው።

ዋናውን ነገር ላስቀድም። እኛ በውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ልጆቻችን ሲያሸንፉ «የኛ ልጅ» ለማለት የሚቀድመን የለም። ደረጃውን አንድ በአንድ ሲወጡ ግን አጠገባቸው አንገኝም፤ ሲወድቁማ ጭራሽ ስማቸውን አናነሳም። ይህ መለወጥ አለበት፤ ለመለወጥ ከሚችሉት አንዱም ይኸው ማኅበራችን ነው ብዬ አምናለሁ።

የቼኮቹ መንገድ

ወሬው የጀመረው በቼኮች ነው። በግንቦት 2024 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጄኔቭ ላይ በሚካሄደው ውድድር ቶማሽ ማሃች የተባለ የ23 ዓመት ቼክ ኖቫክ ጆኮቪችን በግማሽ ፍጻሜ አሸነፈው። በማግስቱ በፍጻሜው በካስፐር ሩድ ቢሸነፍም ስሙ ከዚያ ወዲህ አልጠፋም። በዚያው ክረምት በፓሪስ ኦሊምፒክ ከካተሪና ሲኒያኮቫ ጋር በድብልቅ ጥንድ ወርቅ ወሰደ። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ሌላ ቼክ መጣ፤ ያኩብ ሜንሺክ። የ19 ዓመቱ ሜንሺክ በመጋቢት 2025 ማያሚ ላይ ያንኑ ጆኮቪችን በፍጻሜ 7 ለ 6 እና 7 ለ 6 ረትቶ ዋንጫ አነሳ።

ባልደረቦቼ «ይሄ ልጅ ከየት መጣ?» ይሉ ነበር። ከየትም ድንገት አልመጣም። ሜንሺክ በ16 ዓመቱ፣ በጥር 2022፣ በአውስትራሊያ የታዳጊዎች ፍጻሜ ተጫውቶ ተሸንፏል። ያን ቀን ጡንቻው ተሳስሮበት ከሜዳ የወጣው በተሽከርካሪ ወንበር ነበር። በ2023 በአሜሪካ ኦፕን ማጣሪያውን አልፎ ሦስተኛ ዙር ደረሰ። በየካቲት 2024 ዶሃ ላይ ለፍጻሜ ቀርቦ በካቻኖቭ ተሸነፈ። በማያሚም ቢሆን ጉልበቱን አሞት ገና ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ራሱን ከውድድሩ ሊያገል ጥቂት ቀርቶት ነበር። አንድ የሕክምና ባለሙያ ረዳውና ሜዳ ገባ፤ ዋንጫውን ሲቀበልም ያንን ሰው አመስግኗል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን አንዱ ልጅ አይደለም። ቼክ ሪፐብሊክ ሕዝቧ ወደ 11 ሚሊዮን የሚጠጋ ትንሽ አገር ናት። ከናቭራቲሎቫና ከሌንድል ጀምሮ እስከ ክቪቶቫ፣ ቮንድሩሾቫና ክሬይቺኮቫ ድረስ ከዚያች አገር የወጡትን ቁጠሩ። በ2023 እና በ2024 የዊምብልደንን የሴቶች ዋንጫ በተከታታይ የወሰዱት ሁለት የተለያዩ ቼኮች ናቸው። ሜንሺክ በተወለደባት በፕሮስትዬዮቭ ከተማ ያለው የቴኒስ ክለብ እነ ክቪቶቫንና በርዲህን ያሠለጠነ ነው። እዚያ አንድ ታዳጊ ሜዳ ሲገባ በጎን በኩል ያንኑ መንገድ ቀድሞት የሄደ ሰው ሲለማመድ ያያል። ያ ልጅ ደረጃውን ብቻውን አይወጣም፤ የት እንደሚረግጥ የሚያሳየው አለ።

የእኛዎቹ ወንድማማቾች

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። «እኛ ሯጭ እንጂ ቴኒስ ተጫዋች መች አለን?» የሚል አይጠፋም። አለን እንጂ! ኤልያስ ይመር በ1996፣ ወንድሙ ሚካኤል ይመር ደግሞ በ1998 ስዊድን ውስጥ ስካራ በምትባል ትንሽ ከተማ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለዱ። አባታቸው የቀድሞ ሯጭ ነው።

ኤልያስ በ2015፣ ገና 19 ዓመት ሲሞላው፣ አራቱንም ታላላቅ የግራንድ ስላም ውድድሮች በማጣሪያ አልፎ ዋናው ድልድል ውስጥ ገባ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። ለእያንዳንዱ ማጣሪያ ሦስት ጨዋታ ማሸነፍ ግድ ነው። በአንድ ዓመት፣ በሦስት አህጉር፣ በተለያየ ዓይነት ሜዳ ላይ፣ አንድም ሳይሳሳት 12 ጨዋታ አሸነፈ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሚካኤል በዊምብልደን የታዳጊዎች ውድድር ለፍጻሜ ደረሰ። በ2016 ሁለቱ ወንድማማቾች ተጣምረው የስቶክሆልም ኦፕንን የጥንድ ዋንጫ ወሰዱ፤ ታናሹ ገና 18 ዓመቱ ነበር።

ሚካኤል ከዚያም ወጣ። በ2019 አራት የቻሌንጀር ውድድሮችን አሸነፈና በዓመቱ ምርጥ ከተባሉት ስምንት ወጣቶች አንዱ ሆኖ ሚላን ላይ ተጫወተ። በ2021 ዊንስተን ሴለም በተባለ የአሜሪካ ከተማ ለፍጻሜ ቀረበ። ከ2011 ወዲህ በዚያ ደረጃ በነጠላ ለፍጻሜ የደረሰ ስዊድናዊ አልነበረም። የቦርግ፣ የቪላንደርና የኤድበርግ አገር አሥር ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ ቆይታ በመጨረሻ ያገኘችው የሐበሻ ልጅ ነበር። በሚያዝያ 2023 ሚካኤል በዓለም 50ኛ ሆነ።

እስቲ እናንተን ልጠይቅ። ይህን ሁሉ ያኔ ስንቶቻችን ሰማን? በስንቱ የማኅበር ስብሰባ፣ በስንቱ የአዲስ ዓመት ዝግጅት ላይ ስማቸው ተነሳ?

«ለስዊድን እንጂ ለኢትዮጵያ አልተጫወቱም» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። አባባሉ እውነት ነው፤ ለእኔ ግን በቂ አይደለም። እዚህ ዙሪክ ሌትሲግሩንድ ስታዲየም ኃይሌ ገብረሥላሴ በነሐሴ 1995 የ5,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን በ12፡44.39 ሲሰብር ያስጨፈረን ባንዲራው ነው። የይመር ወንድማማቾች ነገር ግን ከባንዲራ ይልቅ የቤት ነገር ነው። ቤት ውስጥ በአንድ ቋንቋ፣ ደጅ በሌላ ቋንቋ ማደግ፣ በስምህ ምክንያት «ከየት ነህ?» መባል፣ ወላጆችህ የማያውቁትን መንገድ መጀመር። ይህን መጽሔት የምታነቡ አብዛኞቻችሁ ሕይወታችሁ እንዲህ አይደለም?

ስዊዘርላንድም በዚህ በኩል ታስተምረናለች። በ1997 በ16 ዓመቷ የዓለም አንደኛ የሆነችው ማርቲና ሂንጊስ የተወለደችው በያኔዋ ቼኮዝሎቫኪያ ኮሺትሴ ከተማ ነው፤ እዚህ የመጣችው በልጅነቷ ከእናቷ ጋር ነው፣ አሠልጣኟም እናቷ ነበረች። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው ቤሊንዳ ቤንቺች የስሎቫኪያ ስደተኞች ልጅ ናት። የፌደረር እናት እንኳ ደቡብ አፍሪካዊት ናት። ይህች አገር በቴኒስ የምትኮራባቸው ስሞች ብዙዎቹ ከሌላ አገር በመጣ ቤተሰብ ውስጥ ያደጉ ናቸው። ስለዚህ የስደተኛ ልጅ በዚህ መስክ ቦታ የለውም የሚል ካለ፣ ወሬው እዚሁ ውድቅ ነው።

ውድቀቱና ዝምታችን

በ2023 የሆነውን በቅርብ ተከታትዬዋለሁ። በግንቦት ሚካኤል ሊዮን ላይ ተናዶ ራኬቱን በዳኛው ወንበር ላይ ሰበረና ከጨዋታው ተባረረ። ጥፋት ነው፤ ጥፋት አይደለም የሚል የለም። በሐምሌ መጀመሪያ ግን ዊምብልደን ላይ አሜሪካዊውን ቴይለር ፍሪትዝን 2 ለ 0 ከመመራት ተነስቶ 3 ለ 2 አሸነፈውና ሦስተኛ ዙር ገባ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ በወጉ ሳይሞላ የ18 ወር እገዳ ተፈረደበት።

ፍርዱን የሰጠው ከጄኔቭ በባቡር ብዙ በማይርቀው በሎዛን የሚገኘው ዓለም አቀፉ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ነው። ጉዳዩ ምን ነበር? በሰውነቱ ውስጥ የተከለከለ መድኃኒት ተገኘበት የሚል አይደለም። በዚያ ደረጃ የሚጫወት ሰው በየቀኑ ለአንድ ሰዓት የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ማስመዝገብ አለበት። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ መርማሪ መጥቶ ካጣው ጥፋተኛ ይባላል። ሦስተኛው የሚካኤል መታጣት በፈረንሳይ ሮአን ከተማ በነበረ ውድድር ወቅት፣ የተመዘገበው ሆቴልና ያደረበት ሆቴል ባለመገጣጠማቸው የመጣ ነው። የመጀመሪያው ችሎት ነፃ ብሎት ነበር፤ ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ይግባኝ ብሎ ሎዛን ላይ ተገለበጠ። ሚካኤል በነሐሴ ከቴኒስ መሰናበቱን አስታወቀ። የ24 ዓመት ልጅ ነበር።

ሕጉ ሕግ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ተሳሳተ ለማለት እኔ ዳኛ አይደለሁም። የእኔ ቅሬታ ከእኛ ጋር ነው። ያን ሰሞን በቡና ላይ ወሬው ሲነሳ የሰማሁት «መድኃኒት ወስዶ ተያዘ» የሚል ነበር። አንድ ሰው እንኳ «ቆይ፣ ነገሩ እንዲህ አይደለም» ብሎ ቢናገር ምን ነበረበት? የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። እኛ ግን ግንዱ ቆሞ ሳለ ጥላው ሥር ለመቀመጥ እንኳ ያልመጣን ሰዎች ነን፤ ምሳሩን ይዘን ስንመጣ ግን ፈጣኖች ሆንን።

ሚካኤል እገዳውን ጨርሶ በ2025 ወደ ሜዳ ተመልሷል። ዊምብልደን ላይ ፍሪትዝን ያሸነፈ ሰው እንደገና ከታች፣ ተመልካች ከማይሞላበት ሜዳ ጀመረ። በእኔ ዓይን ከ50ኛነቱ ይልቅ ይህ ይበልጣል። ይህንንስ ስንቶቻችን ሰማን?

የወላጆች ፍርሃት

በዚህ ጉዳይ ወላጆችን ለመውቀስ አልቸኩልም። እዚህ ዙሪክ አካባቢ የማውቃት አንዲት እናት አለች። የ11 ዓመት ልጇ ቴኒስ ይጫወታል፤ ጎበዝ ነው ይላሉ። እሷ በፈረቃ ነው የምትሠራው። ከክለቡ በጀርመንኛ የሚመጣውን ደብዳቤ አንዳንዴ እኔ አነብላታለሁ፤ የምዝገባ ቀን፣ የክፍያ ቀን፣ ቅዳሜና እሑድ ልጁ የሚሄድበት ከተማ። ባቡሩ፣ ጫማው፣ የራኬቱ ክር፣ የአሠልጣኙ ሰዓት፣ ሁሉም ገንዘብ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሴቶቹ «ዶክተር መሆን የሚችል ልጅ በኳስ ታባክኚው?» ይሏታል። እሷም አንድ ቀን «ላስተወው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ፍርሃቷ መሠረት የለውም ልላት አልችልም። ቴኒስ ጨካኝ ነው። በግራንድ ስላም የነጠላ ውድድር ከሚጫወቱት 128 ወንዶች በደረጃቸው በቀጥታ የሚገቡት 104 ያህል ናቸው። ኤልያስ ይመር ከፍ ያለው ደረጃው 105ኛ ነበር፤ በ2018። አንድ እርምጃ ብላችሁ አስቡት! ከመስመሩ በላይ ያለው ተጫዋች የመጀመሪያውን ዙር ቢሸነፍ እንኳ ዳጎስ ያለ ክፍያ ይዞ ይወጣል፤ ከመስመሩ በታች ያለው ለአውሮፕላን፣ ለሆቴልና ለአሠልጣኝ ከኪሱ ከፍሎ ማጣሪያውን ይታገላል። የወንዶቹ ባለሙያዎች ማኅበር ኤቲፒ ይህን ስላወቀ ከ2024 ጀምሮ ዝቅተኛ የገቢ ዋስትና አቁሟል። በ2024 እስከ 100ኛ ላለ 300,000 ዶላር፣ ከ101ኛ እስከ 175ኛ 150,000፣ ከ176ኛ እስከ 250ኛ 75,000 በዓመት ነበር፤ ያገኙት ከዚህ ካነሰ ልዩነቱ ይሞላላቸዋል። ጥሩ ነገር ነው። ግን ልብ በሉ፤ በዓለም 251ኛ የሆነ ሰው፣ ማለትም ከሚሊዮኖች መካከል የተመረጠ ሰው፣ ምንም ዋስትና የለውም።

ታዲያ ለዚያች እናት ምን አልኳት? «ልጁ ሚካኤል ይሆናል ወይ?» ብለሽ ከጠየቅሽ መልሱ ምናልባት አይሆንም ነው፤ ጥያቄው ግን እሱ አይደለም አልኳት። ጥያቄው ይህ መንገድ መሐል ላይ ቢቆም ልጁ እጁ ላይ ምን ይቀራል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ደግሞ እናንተ፣ በኮሌጅ ያላችሁ፣ ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁ። ካሜሮን ኖሪ ከኮሌጅ ቴኒስ ተነስቶ በ2022 በዊምብልደን ግማሽ ፍጻሜ ተጫውቷል። ቤን ሼልተን በ2022 የአሜሪካ ኮሌጆች የነጠላ ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2023 በአሜሪካ ኦፕን ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። እነሱ የላይኞቹ ናቸው። ከእነሱ በታች ግን ቴኒስ የትምህርት ክፍያቸውን ሸፍኖላቸው ዲግሪያቸውን ይዘው የወጡ ብዙዎች አሉ። ራኬትና ደብተር ጠላት አይደሉም። አዲስ አበባም ይህን የተረዱ ሌሎች ወንድማማቾች አሉ፤ ታሪኩና ደስታ ተስፋዬ ችግረኛ ልጆችን ቴኒስና ትምህርት አጣምሮ የሚያስተምር ድርጅት አቋቁመዋል። አዲስ አበባ ላይ የተቻለ ዙሪክ ላይ እንዴት ያቅተናል?

ይህን መረጃ ያቺ እናት ከየት ታግኘው? ከክለቡ ደብዳቤ አታገኘውም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ካሉት ሴቶችም አታገኘውም፤ እነሱም አያውቁትም። የቼኩ ልጅ በክለቡ የሚያገኘውን፣ ማለትም መንገዱን ቀድሞ የሄደ ሰው፣ የእኛ ልጅ የትም አያገኘውም። ክፍተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሚካኤልም ነገር ይህን ነው ያስታወሰኝ፤ ይህ ሙያ የራኬት ብቻ አይደለም፣ የወረቀትም ነው። በደረቅ ወረቀት የሚያግዝ ሰው ማግኘት በሜዳ ላይ ከሚደረግ ጭብጨባ ባልተናነሰ ያስፈልጋል።

ምን እናድርግ?

ትልቅ ድርጅት እናቋቁም አልልም፤ ብዙ ትልልቅ ነገር ጀምረን የተውን ሰዎች ነን። የምለው ትንሽ ነው።

አንደኛ፣ በማኅበራችን ውስጥ በስፖርት ስኮላርሺፕ የተማራችሁ ወይም የምትማሩ፣ በሩጫም በኳስም በቴኒስም፣ ስማችሁን ለማኅበሩ ስጡ። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ታዳጊ ያለው ቤተሰብ በስልክ አግኝታችሁ መንገዱን አስረዱ። ወላጆችን በሚገባቸው ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም። አንድ ሰዓት አይፈጅም።

ሁለተኛ፣ ደብዳቤ ማንበብና ቅጽ መሙላት የምንችል ብዙ ነን። እኔ ጀርመንኛውን አነባለሁ፣ በጄኔቭ ያላችሁ ፈረንሳይኛውን ታነባላችሁ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ ለአዲስ ዓመት ዝግጅት ከምናወጣው ላይ ጥቂት ቀንሰን ለአንድ ልጅ የጉዞ ወጪ እናውጣ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት በአፍ ብቻ አይሁን። ሜዳ ላይ ሄደንም እንቀመጥ። በግንቦት ጄኔቭ ላይ ብቻ ሳይሆን በአንድ ዝናባማ ቅዳሜ፣ ታዳጊዎች ብቻ በሚጫወቱበት የመንደር ክለብ።

አራተኛውና ለእኔ ከባዱ፣ የወደቀውን አንተው። ልጁ ሲሸነፍ፣ ሲጎዳ፣ ሲታገድ፣ ወይም «ይብቃኝ» ብሎ ወደ ትምህርቱ ሲመለስ፣ ያን ጊዜ ደውሉለት። እውነቱን ሳናውቅ ስሙን በቡና ላይ አናብጠልጥል። ስናውቅም ሰው መሆኑን አንርሳ።

እነዚህን አራት ነገሮች ብናደርግ ከመካከላችን የማያሚን ዋንጫ የሚያነሳ ይወጣል ብዬ ቃል አልገባም። ማንም ሊገባ አይችልም። ቃል የምገባው አንድ ነገር ነው፤ ነገ አንዱ ልጃችን ዋንጫ ይዞ በቴሌቪዥን ሲታይ «የኛ ልጅ» ብንል ልጁ ራሱ ሰምቶ አያፍርብንም። በቀጣዩ የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ይህን አጀንዳ እንዲያዝ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። የምትደግፉም የምትቃወሙም ሐሳባችሁን ለዝግጅት ክፍሉ ላኩ፤ ክርክሩን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ሰላማችሁ ይብዛ።